ኩኑኑ ማን ነው? ኮናኙስ? — «ዳምድ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክ

ባለፈው ወር በሠፈራችን ዳር፣ ከውኃ ቦኖው በላይ ባለው ተራ፣ በጭቃ በተመረገ የመጠለያ ግድግዳ ላይ አንድ ቃል በከሰል ተጽፎ አየን። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ሲነበብ «ዳምድ» ይላል። የጻፈው ከማታው የእንግሊዝኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ ነው። ማመልከቻህ ተቀባይነት አላገኘም የሚል ደብዳቤ ደርሶት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጅ ሳይወጣ ሰንብቶ፣ በአራተኛው ቀን ይህን ጻፈ። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ «እኔን የሚገልጸኝ ቃል ያገኘሁት በሰው ቋንቋ ነው» አለን።

ነገሩን በሐሙሱ የንባብ ስብሰባችን ላይ አነሣነው። አንዱ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ርጉም ማለት ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ፈረንጅ ሲናደድ የሚለው ተራ ስድብ ነው» ሲል ተከራከረ። ቀድሞ የቅኔ መምህር የነበሩት፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው አባት ግን ትርጉሙን ደጋግመው ካስነበቡ በኋላ «ርጉም አይደለም፤ ኩኑን ነው። ርግማንና ኩነኔ ለየብቻ ናቸው» አሉ። ክርክሩ ሳይቋጭ የፋኖሱ ጋዝ አለቀና ተበተንን። እኛም የቃሉን ታሪክ መርምረን በዚህች በእጅ በምትጻፍ ወረቀታችን ላይ እንድናቀርብ ተወሰነ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ቃሉ የተወለደው ከመቅደስ ሳይሆን ከችሎት ነው። በጥንቶቹ ሮማውያን ቋንቋ በላቲን «ዳምኑም» ማለት ጉዳት፣ ኪሣራ፣ ወይም ለጥፋት የሚከፈል መቀጮ ማለት ነበር። ዛሬ ዕቃ ሲሰበር «ዳሜጅ ሆነ» የምንለው ቃል የዚሁ የ«ዳምኑም» የልጅ ልጅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሮም የወጣ፣ የአኩዊልያ ሕግ የሚባል ሕግ አለ። የሰውን ባሪያ ወይም የመንጋ ከብት ያለ አግባብ የገደለ ሰው፣ የተገደለው ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ያወጣ የነበረውን ከፍተኛ ዋጋ ለባለቤቱ እንዲከፍል ያዝዛል። ከፋዩ በዚያ ሕግ የተጠራበት ቃል «ዳምናስ» ነው፤ ሊከፍል የተፈረደበት፣ ባለ ዕዳ ማለት ነው። እንግዲህ የጥንቱ «ዳምድ» በገሃነም እሳት የሚነድ ነፍስ አልነበረም። የሰው በሬ ገድሎ ዋጋውን ክፈል የተባለ ሰው ነበር። የተባለውን ሲከፍል ነገሩ ያልቃል፤ ሰውየውም ወደ ቤቱ ይገባል። ይሁንና ሕጉ ሰውን ከከብት ጋር ቆጥሮ ዋጋ የሚተምን መሆኑን እናስተውል። ፍርድ የሰው ሥራ ነውና ፍርድ ስለተባለ ብቻ ቅን አይሆንም።

ቃሉ ወደ ሃይማኖት የገባው ክርስትና በላቲን ቋንቋ ሲሰበክ ነው። ሊቁ ጀሮም በ4ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የላቲኑን ወንጌል ባረመ ጊዜ፣ በግሪኩ መፍረድንና መቅጣትን የሚያመለክተው ቃል በላቲኑ በዚሁ የችሎት ቃል ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ዳኛው እግዚአብሔር፣ ችሎቱም የመጨረሻው ቀን ሆነ። ቀድሞ በገንዘብ ተከፍሎ ያልቅ የነበረው ዕዳ አሁን ተከፍሎ የማያልቅ፣ ይግባኝም የማይባልበት ሆነ። በቃሉ ታሪክ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ወደ እንግሊዝ የተሻገረው ደግሞ በወራሪ እጅ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ገበሬው የሚያርሰው በእንግሊዝኛ፣ የሚፈረድበት በፈረንሳይኛ ነበር። «ዳም» የሚለው ግሥ በ1300 አካባቢ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲገኝ ሁለቱንም ትርጉሙን ይዞ ነበር፤ የሰው ዳኛ ሲፈርድም፣ እግዚአብሔር ሲፈርድም ያገለግል ነበር።

የሰው ፍርድነቱ ለረጅም ጊዜ እንዳልተረሳ ለማየት የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሣር» መመልከት ይበቃል። ተውኔቱ በ1599 ገደማ የተጻፈ ነው። በአራተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ ሦስት ሹማምንት ስም ዝርዝር ይዘው ይቀመጣሉ። የሚሞቱትን እየመረጡ በስማቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። አንዱ የገዛ ወንድሙን ስም ይሰጣል፤ በምትኩ የሌላው የእኅት ልጅ እንዲሞት ይጠይቃል። ያኛውም አላንገራገረም። በነጥብ ምልክት እያደረገ በዚያው «ዳም» በሚለው ቃል ፈረደበት። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ሲኦል የለም፤ ሰይጣንም የለም። ያለው ጠረጴዛ፣ ብዕርና የስም ዝርዝር ነው። ስም በዝርዝር ላይ ሲፈለግ ልቡ ቆሞ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን ትዕይንት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በ1611 በንጉሥ ጄምስ ትእዛዝ የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን በየስፍራው ተጠቀመበት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያላመነው ሰው የሚጠብቀው በዚህ ቃል ተነገረ። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 13 ባለሥልጣንን የሚቃወም ሰው የሚቀበለውም እንዲሁ በዚሁ ቃል ተጻፈ። ግሪኩ በዚህ በሁለተኛው ስፍራ የሚለው በቀላሉ «ፍርድ» ነው። በ1611 የእንግሊዝኛው ቃል ተራ ፍርድንም ያመለክት ስለነበረ ተርጓሚዎቹን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ቃሉ እያደር የሲኦል ቃል ብቻ ሆነ፤ መጽሐፉ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ሹሙን የተቃወመ ገበሬ ፍርድ ይጠብቀዋል ሊባል ሲገባው፣ ገሃነም ይጠብቀዋል ተብሎ ሲነበብለት ኖረ። በ1881 የታረመው አዲስ ኪዳን ሲወጣ በማርቆስ ላይ ቃሉ «ኮንደምድ»፣ በሮሜ ላይ ደግሞ «ፍርድ» በሚለው ተተካ። በመካከሉ 270 ዓመት አልፏል።

በአደባባይ ደግሞ ቃሉ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ወታደሩ፣ መርከበኛው፣ ጋሪ ነጂው ሲናደድ «ዳም» ማለትን ልማዱ አደረገ። በሰው ላይ የእግዚአብሔርን ፍርድ መጥራት ስለሆነ መንግሥት በሕግ ከለከለው። በ1745 የወጣው የእንግሊዝ የመሐላና የስድብ ሕግ መቀጮውን በማዕረግ ከፋፈለው። ለቀን ሠራተኛ፣ ለተራ ወታደርና ለመርከበኛ 1 ሽልንግ፤ ከእነርሱ ከፍ ብሎ ከባላባት በታች ላለው 2 ሽልንግ፤ ለባላባትና ከዚያ በላይ ላለው 5 ሽልንግ ነበር። ሁለተኛ ያጠፋ እጥፍ፣ ሦስተኛ ያጠፋ ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ይህ ሕግ የተሻረው በ1967 ነው። አንባቢ ሆይ፣ በሮም ከመቀጮ የተወለደው ቃል በለንደን ራሱ መቀጮ የሚያስከፍል ሆነ። አታሚዎችም ቃሉን ሙሉውን ከመጻፍ ይልቅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ብቻ አስቀምጠው መካከሉን በሰረዝ ይሞሉት ጀመር።

አሁን ወደ አንድ ዓመት እንምጣ፤ ወደ 1939። በዚያ ዓመት በአሜሪካ በማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ ላይ የተመሠረተ ትልቅ ፊልም ተሠራ። ልቦለዱን የአገራችን ሰው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞት፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል፤ ከመካከላችን ያነበቡት ብዙዎች ናቸው። በፊልሙ መጨረሻ ጀግናው ለጀግናዋ ግድ የለኝም ሲል የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ዳም» የሚለው ቃል አለ። የፊልም ሠሪዎቹ የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ ይህን ይከለክል ነበር። ስለዚች አንዲት ቃል ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ቦርድ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻም ኖቬምበር 1 ቀን 1939 ደንቡ ተሻሻለና ቃሉ ተፈቀደ።

ያ ሁሉ ጭንቀት ስለ ቃሉ ነበር። በዚያው ዓመት ግን በቃሉ ሊጠሩ የተገባቸው ሰዎች በባሕር ላይ ነበሩ። ሜይ 13 ቀን 1939 «ሴንት ሉዊስ» የምትባል መርከብ 937 መንገደኞች ጭና ከጀርመን አገር ከሐምቡርግ ተነሣች። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከናዚ መንግሥት የሚሸሹ አይሁድ ነበሩ። ወደ ኩባ የሚያስገባ ወረቀት በእጃቸው ነበር። ነገር ግን መርከቧ ከመነሣቷ ከጥቂት ቀናት በፊት የኩባ መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ ወረቀቱ ዋጋ አጥቶ ነበር። ሃቫና ሲደርሱ እንዲወርዱ የተፈቀደላቸው 28 ብቻ ናቸው። አንድ ሰው በመንገድ ላይ በሕመም ሞቷል፤ አንዱ ደግሞ ራሱን ሊገድል ሞክሮ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ። የቀሩት 907 ነበሩ። መርከቧ ወደ ፍሎሪዳ ጠረፍ ተጠግታ ስትሄድ መንገደኞቹ የማያሚን ከተማ መብራት ያዩ ነበር። አሜሪካ ከጀርመንና ከኦስትሪያ በዓመት የምትቀበለው ቁጥር 27,370 ነው፣ እሱም ሞልቷል፣ ተራ ጠብቁ ተባሉ። ካናዳም አልቀበልም አለች።

የመርከቧ ካፒቴን ጉስታቭ ሽሮደር መንገደኞቹን ወደ ጀርመን ላለመመለስ የተቻለውን ሁሉ አደረገ። የአይሁድ የርዳታ ድርጅቶችም ከመንግሥታት ጋር ተደራደሩ። ጁን 17 ቀን መርከቧ ቤልጅግ ውስጥ አንትወርፕ ደረሰች። እንግሊዝ 288፣ ፈረንሳይ 224፣ ቤልጅግ 214፣ ሆላንድ 181 ሰዎች ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት የሂትለር ጦር ሦስቱን የምድር አገሮች ያዘ። ወደነዚህ ሦስት አገሮች ከገቡት 619 ሰዎች መካከል 254ቱ በጭፍጨፋው አለቁ።

በ1974 ሁለት ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ መጽሐፍ አድርገው ሲያወጡ ርዕሱን «የዳምዶቹ ጉዞ» አሉት፤ በ1976 ፊልም ሆነ። ርዕሱን ስናነብ ማን ኮነናቸው ብለን መጠየቅ ይገባናል። እግዚአብሔር አልኮነናቸውም። የኮነናቸው ድንጋጌ፣ የቁጥር ገደብና የቪዛ ማኅተም ነው። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ኮናኞቹ ራሳቸው በኋላ አምነውታል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ2012፣ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ኖቬምበር 7 ቀን 2018 ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው ለሞቱት አልደረሰላቸውም። ነገር ግን ፍርዱ የሰው ፍርድ እንደነበረ፣ ሰው ሊሽረው ይችል እንደነበረ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ጦርነት በኋላ በ1951 የስደተኞች ስምምነት ተፈረመ። አፍሪካውያን ደግሞ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1969 በአዲስ አበባ የራሳቸውን ስምምነት ፈረሙ። በእርሱም ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር እንዲመለስ ከሚያስገድድ እርምጃ፣ ከድንበር መልሶ መግፋትም ቢሆን፣ ተከለከለ። ሕጉ ሁልጊዜ ይፈጸማል አንልም፤ የምንኖርበትን እናውቃለን። ነገር ግን ለኮናኙም እንኳ ገደብ ተጽፎለታል።

ቃሉ ወደ አፍሪካ ሌላ መግቢያ በርም ነበረው። የማርቲኒኩ ተወላጅ ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን በ1961፣ በሞተበት ዓመት፣ በፈረንሳይኛ ያወጣው መጽሐፍ ርዕስ ሲተረጎም «የምድር ኩኑናን» ማለት ነው። ሐረጉን የወሰደው ኤዠን ፖቲየ በ1871 ከጻፈው የሠራተኞች መዝሙር ነው፤ ያ መዝሙር በእኛም አገር በአማርኛ ሲዘመር ዕድሜያችን የገፋው እናስታውሳለን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ በ1963 በፓሪስ «ዳምድ» በሚለው ቃል ተሰይሞ ታተመ። በ1965 በኒውዮርክ ሲታተም ግን ያ ቃል ወጥቶ «ሬችድ» የሚለው ገባ። «ሬችድ» ማለት ምስኪን፣ ጎስቋላ ማለት ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰለን። ኩኑን ሲባል ኮናኝ አለው። ምስኪን ሲባል ግን የበደለው ማንም አይታይም፤ የሚታየው ለማኝና መጽዋች ብቻ ነው።

የሚገርመው «ሬችድ» የሚለውም ቃል የራሱ ታሪክ አለው። ሥሩ «ሬካ» የሚባል የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ፍችውም ከአገሩ የተባረረ፣ ስደተኛ ማለት ነው። እንግሊዞች ስደተኛን ሲያዩ ምስኪንነቱን ብቻ እያዩ ኖረው ቃሉ ምስኪን ሆነ። ከዚያው ግንድ የወጣው የጀርመኖች ቃል ግን «ሬከ» ሲሆን ጀግና ተዋጊ ማለት ነው፤ እነርሱ ያዩት አገር አልባ ሆኖ ብቻውን መቆሙን ነው። ስደተኛው አንድ ሆኖ ሳለ ተመልካቾቹ ሁለት ስም አወጡለት።

አሁን ወደ የኔታ ነገር እንመለስ። በግእዝ «ኰነነ» ማለት ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው። «ኩነኔ» ፍርድና ቅጣት ነው፤ «ኩኑን» የተፈረደበት ነው። «መኰንን» ደግሞ ፈራጅ፣ ገዥ ማለት ነው። የተፈረደበትም ፈራጁም ከአንድ ሥር በቀሉ። በጆሮ ሲሰማ «ኰነነ» እና «ኮንደም» ይመሳሰላሉ፤ ግን ዝምድና የላቸውም፣ አጋጣሚ ነው። የሚዛመዱት በታሪካቸው ነው። የእኛም ቃል እንደ ላቲኑ ከዳኛ ወንበር ተነሥቶ እስከ ሲኦል ደጅ ደርሷል።

ርግማን ከዚህ የተለየ ነው። እናት ትረግማለች፤ የተበደለ ድኻ ይረግማል። ርግማን መዝገብ የለውም፣ ምስክር አይቆጠርበትም፣ የሚፈታውም ምርቃትና ዕርቅ ነው። ኩነኔ ግን ችሎት ይፈልጋል። ችሎት ካለ ደግሞ ጥያቄ አለ፤ ማን ፈረደ? በምን ማስረጃ? ቃሌን ማን ጻፈው? አስተርጓሚው ያልኩትን አለ ወይ? የአበው ተረት «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» የሚለው ለዚህ ነው። ተናጋሪው ምሕረት ለመለመን ገና አልደረሰም። የሚጠይቀው ሥርዓት ነው፤ ባይሆንልኝም እንኳ በአግባቡ ተሰምቼ ይፍረዱብኝ ይላል። አዎንም አይደለምም ሳይባል ፋይሉ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው ይህን ተረት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ይዘን ከየኔታ ጋር ወደ ልጁ ሄድን። የኔታ ከመደቡ ላይ ተቀምጠው «ልጄ፣ ርጉም ነኝ ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ጸበል እልክህ ነበር። ኩኑን ነኝ ካልክ ግን ኮናኝ አለህ። ኮናኝ ካለ ደጁ ይጠናል» አሉት። ልጁም «የኔታ፣ ደጁን እስካሁን ስንጠና አይደለም ወይ?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን፤ እውነቱን ነበርና።

በኋላ ደብዳቤውን አምጣ አልነው። ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን አንብቦ ሁለተኛውን አልገለጠውም። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ይግባኝ ለማለት የተፈቀደው ቀን ተጽፏል። ስንቆጥረው የቀረው 11 ቀን ነበር። ውሳኔውን እንደገና ስናነብ ደግሞ ከተወለደበት ወረዳ ስም ጀምሮ ሦስት ነገር ተሳስቶ ተመዝግቧል። ሦስት ሌሊት ተቀምጠን አራት ገጽ የይግባኝ ማመልከቻ ጻፍንለት። ጊዜው ሳያልፍ ገብቷል፤ መልስ ግን ገና አልመጣም። እንደሚሳካ ተስፋ መስጠት አንችልም።

ቃሉ እስከ ዛሬ ከግድግዳው ላይ አለ። ልጁ አላጠፋውም። ትናንት በዚያ ስናልፍ ግን ከሥሩ በአማርኛ «በማን?» የሚል በዚያው ከሰል ተጨምሮበት አየን።

ማስታወሻ ለአንባብያን፦ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ሁሉንም ገጽ ይዞ ሐሙስ ማታ ወደ ንባብ ክፍላችን ይምጣ። አብረን እናነበዋለን። ጋዝ ያለው ለፋኖሱ ጥቂት ይዞ ቢመጣ ደግሞ ደስ ይለናል።